የናዝሬቱ አናጢ ልጅነትና አገልግሎት



በዚህች ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ማቅረብ የተለመደ ነው። ዘንድሮ ተራው ለእኛ ሲደርስ ስለ ማን እንጻፍ ብለን ብዙ አሰብን። በመጨረሻም ስሙን በየቀኑ የምንጠራውን፣ ታሪኩን ግን ከበዓል እስከ በዓል ብቻ የምናስታውሰውን የኢየሱስ ክርስቶስን ሕይወት መረጥን።

ስለ አምላክነቱ ለማስተማር አይደለም፤ ለዚያ መምህራኑ አሉ። በእድራችን ውስጥ ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ሙስሊሙም በአንድ ድንኳን ሥር ስለሚቀመጥ የሃይማኖት ክርክር መክፈት ሐሳባችን አይደለም። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ቢሆኑ ዒሳን፣ የመርየምን ልጅ፣ በነቢይነቱ ያከብሩታል፤ 19ኛው የቁርኣን ሱራም በእናቱ ስም የተሰየመ ነው። እኛ የምንፈልገው እንዲያው እንደ ጎረቤት ጠጋ ብለን እንዴት እንዳደገ፣ ከሰው ጋርም እንዴት እንደኖረ ማየት ነው። የጎረቤት ጠባይ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ በለቅሶ ቀን እንደሚታወቅ እኛ እድርተኞች ጠንቅቀን እናውቃለን።

አስቀድመን ስለ ዘመኑ ጥቂት እንበል። ሲወለድ በይሁዳ የነገሠው ሮማውያን የደገፉት ታላቁ ሄሮድስ ነበር። ይህ ንጉሥ የሞተው በፈረንጆች አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4 ዓመት ነው። ታዲያ ክርስቶስ ከክርስቶስ በፊት እንዴት ይወለዳል ብላችሁ ትገረሙ ይሆናል። ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ዲዮኒስዮስ የሚባል መነኩሴ በፈረንጆች አቆጣጠር በ525 ዘመናቸውን ሲያሰላ ጥቂት ዓመታት ስለ ተሳሳተ፣ ሊቃውንት ልደቱን ከ6 እስከ 4 ዓመት ወደ ኋላ ይመልሱታል። የእኛው አቆጣጠር ከእስክንድርያ ሊቃውንት የመጣ ሲሆን ከፈረንጆቹ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይዘገያል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይረዱልን።

የቤተ ልሔሙን ታሪክ በየገናው ስለምንሰማው አንደግመውም። አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይታይ ያልፋል። በአይሁድ ሕግ ወንድ ልጅ በተወለደ በ40ኛው ቀን እናትየው መሥዋዕት ታቀርብ ነበር። የታዘዘው የአንድ ዓመት ጠቦት ከአንዲት ርግብ ወይም ዋኖስ ጋር ነው። ጠቦት ለመግዛት አቅሙ የሌላት ግን ሁለት ዋኖሶች ወይም ሁለት የርግብ ጫጩቶች ይበቃት ነበር። ሉቃስ እንደ ጻፈው እመቤታችን ያቀረበችው ይህንኑ የድኾች መሥዋዕት ነው። እኛም አገር ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ የማን ድግስ አማረ፣ ማን አሳነሰ እየተባባልን የምንተዛዘብ ሰዎች ስለሆንን፣ ይህች የዋኖሶች ነገር ልብ ብትባል ጥሩ ነው። በቤተ መቅደሱ በር ላይ የቆመ ሰው ቤተሰቡ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በእጃቸው ከያዙት ነገር ያውቅ ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ስደት ነው። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል ስለ ፈለገ ዮሴፍ እናቱንና ልጁን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ ሸሸ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህንን ስደት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን በጽጌ ወራት፣ ኅዳር 6 ቀንም በቁስቋም በዓል ታስበዋለች። ልጆቻቸው በዓረብ አገርና በሌላም ባሕር ማዶ የተበተኑባቸው እናቶች በጽጌ ማኅሌት ላይ እንባቸውን ሲጠርጉ ያየ ሰው፣ ምክንያቱን መጠየቅ አያስፈልገውም። ሄሮድስ ሞቶ ቢመለሱም በይሁዳ በአባቱ ፈንታ አርኬላዎስ መንገሡን ሲሰሙ ዮሴፍ ፈራ። ስለዚህ ወደ ሰሜን አልፈው በገሊላ፣ በናዝሬት ተቀመጡ።

ናዝሬት ምን ያህል ትንሽ እንደ ነበረች መገመት ያስቸግራል። በብሉይ ኪዳን ስሟ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም። በመሬት ቁፋሮ የሚመራመሩ ሰዎች ያገኙት ጥቂት ቤቶችን፣ ከዓለት የተፈለፈሉ የእህልና የውኃ ጉድጓዶችን፣ የወይን መጭመቂያና መቃብሮችን ነው። ነዋሪዋ ቢበዛ ጥቂት መቶ ሰው ነበር ይላሉ። ሁሉም ሁሉን የሚያውቅበት፣ የማን ዶሮ እንደ ጠፋች በማግስቱ የሚወራበት ቦታ ማለት ነው። ከዚያ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ግን ሴፎሪስ የምትባል ከተማ ነበረች። ሄሮድስ በሞተበት ዓመት ሕዝቡ ስላመፀ ሮማውያን ከተማዪቱን አቃጥለው ነዋሪዎቿን ለባርነት እንደ ሸጡ ዮሴፉስ የተባለው የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ጽፏል። ከዚያ በኋላ የሄሮድስ ልጅ አንቲጳስ እንደ ገና አሳምሮ ሠራት። እንግዲህ ጌታችን ያደገው የቃጠሎው ወሬ ገና ሳይበርድ፣ በአጠገቡም የአዲስ ከተማ መዶሻ እየተሰማ ነው።

ዮሴፍ በሙያው አናጢ ነበር፤ ልጁም ይህንኑ ሙያ ያዘ። በግሪክኛው መጽሐፍ የተጻፈው ቃል እንጨት ጠራቢውን ብቻ ሳይሆን ቤት ሠሪውንም የሚጨምር ነው። ሞፈርና ቀንበር፣ በርና መቃን፣ ምናልባትም የድንጋይ ግንብ። በእኛ አገር ባለ እጅን፣ ሸማኔውንና ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋንም ስም እያወጡ መናቅ የቆየ በሽታችን እንደ ነበረ አይካድም። እንደዚያ ሲሰድቡ ከኖሩት መካከል ብዙዎቹ እሑድ እሑድ ለአንድ አናጢ ሲሰግዱ ኖረዋል። ነገሩን ካሰቡት ያስቃልም ያሳዝናልም።

ከሕይወቱ ውስጥ 30 ዓመት ያህል የሆነው በዚህች መንደር ነው ያለፈው። በተአምረ ኢየሱስ ስለ ሕፃንነቱ ብዙ ይነገራል። አራቱ ወንጌላት ግን ከግብፅ ከተመለሰ ወዲህ ስላለው ዘመን የሚተርኩልን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም የወጡበት ጊዜ ነው። መንገዱ በእግር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ሲመለሱ ከዘመድ ጋር ነው ብለው የአንድ ቀን መንገድ ተጓዙ፤ ቢፈልጉት የለም። ልጅ የጠፋበት ሰው የእነዚያን ቀናት ጭንቀት ያውቀዋል። በሦስተኛው ቀን በቤተ መቅደስ፣ በሊቃውንቱ መካከል ተቀምጦ አገኙት። ብዙውን ጊዜ ሰባኪዎች የሚነግሩን ሊቃውንቱን በመልሱ እንዳስደነቃቸው ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሉቃስ መልሱን ከማንሣቱ በፊት ይሰማቸውና ይጠይቃቸው እንደ ነበረ ነው የሚያስቀድመው። እናቱ ስትወቅሰው በአባቱ ቤት መገኘት እንደሚገባው ገለጸላት፤ ነገሩ ግን አልገባቸውም። ከዚያ በኋላስ? ከሊቃውንቱ ዘንድ ልቅር አላለም። አብሯቸው ወርዶ ይታዘዛቸው ነበር። እኛን ከሁሉ የሚገርመን ይህ ነው። በ12 ዓመቱ መምህራንን ያስደነቀ ልጅ ወደ መንደሩ ተመልሶ 18 ዓመት ያህል እንጨት ጠረበ።

ከዚህ ጊዜ በኋላ ዮሴፍ በሕይወት እንደ ነበረ የሚናገር የወንጌል ታሪክ የለም፤ የቤተ ክርስቲያን ትውፊትም ጌታችን ማስተማር ከመጀመሩ በፊት እንዳረፈ ይናገራል። ሐምሌ 26 ቀን የዕረፍቱ መታሰቢያ ነው። በስንክሳሩ ትረካ ሲያርፍ ጌታችን በአጠገቡ ነበር። ስለዚህ ኋላ መበለቶችን ባየ ቁጥር ልቡ የሚራራው የሚያውቀውን ነገር ስለሚያይ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። አባወራ የሞተበት ቤት ምን እንደሚመስል ከውስጥ ሆኖ አይቶታል።

ጢባርዮስ ቄሣር በነገሠ በ15ኛው ዓመት፣ ማለትም በ28 ወይም በ29 ገደማ፣ ዮሐንስ መጥምቅ በዮርዳኖስ ማጥመቅ ጀመረ። የይሁዳ ገዥ ጳንጤናዊው ጲላጦስ ነበር። ወደ ወንዙ የሚወርደው ሕዝብ ኃጢአቱን እየተናዘዘ ነው የሚጠመቀው፤ ጌታችንም ከነዚያው ጋር መጣ። ዮሐንስ ሊከለክለው ቢሞክርም እንቢ አለ። ጥር 11 ቀን ታቦት አጅበን ስንወጣ ዕልልታው ይህንን ያስረሳናል እንጂ፣ የመጀመሪያ የአደባባይ ሥራው ከኃጢአተኞች ጋር መሰለፍ ነበር።

ከዚያ 40 ቀን በምድረ በዳ ጾመ፤ ተፈተነም። ድንጋዩን ዳቦ አድርጎ ረኀቡን እንዲያስታግስ፣ ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራሱን ወርውሮ ሰው እንዲያስደንቅ፣ ለሰይጣን ሰግዶ የዓለምን መንግሥታት እንዲወስድ ተጠየቀ። ሦስቱንም አልተቀበለም። በኋላ ለተራበ ሕዝብ እንጀራ ሲያበዛ እናየዋለን፤ ለራሱ ግን አላደረገውም።

ወደ ገሊላ ከተመለሰ በኋላ በቃና ሠርግ ላይ ተገኘ። የወይን ጠጁ በድግሱ መካከል አለቀ። መጠጥ ያለቀበት ደጋሽ የሚሰማውን እፍረት ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያሻም! እናቱ ነገሩን አስቀድማ አይታ ነገረችው። ስድስት የድንጋይ ጋኖች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ከ80 እስከ 120 ሊትር ያህል የሚይዙ። ውኃው ወይን ሆነ፤ ሙሽራውና አሳዳሪው ነገሩ ከወዴት እንደመጣ እንኳ አላወቁም፤ የሚያውቁት ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ብቻ ነበሩ። ድግስ ያሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የጓዳውን ምስጢር የሚያውቁት ሁልጊዜም ጋን ተሸካሚዎቹ ናቸው።

የራሱ መንደር ግን አልተቀበለችውም። በናዝሬት ምኵራብ በሰንበት ተነሥቶ ከኢሳይያስ መጽሐፍ አነበበ፤ ለድኾች የምሥራች፣ ለታሰሩት መፈታት የሚለውን ክፍል። መጀመሪያ ደስ አላቸው። ወዲያው ግን ይህ የምናውቀው አናጢ አይደለም እንዴ ማለት ጀመሩ። እርሱም በኤልያስ ዘመን በረኀቡ ጊዜ የተረዳችው የሰራፕታዋ መበለት፣ በኤልሳዕም ዘመን ከለምጹ የነጻው ሶርያዊው ንዕማን የውጭ ሰዎች እንደ ነበሩ አስታወሳቸው። ይህን ሲሰሙ ተቆጥተው ከገደል ሊወረውሩት አወጡት። ከመካከላቸው አልፎ ሄደ። ያሳደጉት፣ በር የሠራላቸው፣ ልጆቻቸው አብሮ አደጎቹ የሆኑ ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

መኖሪያውን ወደ ቅፍርናሆም አዛወረ። ይህች የዓሣ አጥማጆች ከተማ በገሊላ ባሕር ዳር ናት፤ ባሕሩም 21 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የጨው አልባ ውኃ ሐይቅ ነው። በ1986 ውኃው በድርቅ በሸሸ ጊዜ በዚያ ዘመን የተሠራ ጀልባ ከጭቃ ውስጥ ተገኝቶ ነበር፤ ርዝመቱ 8 ሜትር ከጥቂት፣ ወርዱ 2 ሜትር ከ30 ሳንቲም ያህል ነው። ጴጥሮስና እንድርያስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ ሲከተሉት ትተው የወጡት የዚህን ዓይነት ጀልባ ነው ማለት ይቻላል። ቀጥሎ የጠራው ማቴዎስን፣ ቀራጩን ነበር። ቀራጭ በዚያን ዘመን ከሕዝብ ቀረጥ እየሰበሰበ በላዩ ላይ ለራሱ የሚጨምር፣ ለባዕድ ገዥ የሚያገለግል ተብሎ የሚጠላ ሰው ነው። ጌታችን ከጠራው በኋላ ቤቱ ገብቶ ከባልደረቦቹ ጋር በላ። በአገራችን ማዕድ መቁረስ ምን ማለት እንደሆነ ስለምናውቅ ሐሜቱ ለምን እንደ ከረረ ይገባናል። ለምጻሙን ሲፈውስም በቃል ብቻ ማድረግ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው።

ለጉዞው የሚያስፈልገውን ወጪ ከሚሸፍኑት መካከል ሴቶች ነበሩ። ሉቃስ መግደላዊት ማርያምን፣ የሄሮድስ አዛዥ የኩዛ ሚስት ዮሐናንና ሶስናን በስም ይጠቅሳቸዋል። የገንዘብ ከረጢቱ ግን በይሁዳ እጅ ነበር። (የእድራችን ገንዘብ ያዥ ይህን ሲያነቡ እንዳይቀየሙን፤ የእርሳቸው ሒሳብ በየዓመቱ ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚገኘው።)

አሁን ለእኛ ለእድርተኞች ወደሚቀርበው ነገር እንምጣ። ወንጌላውያን ጌታችን ሞት በገባበት ቤት ሲገኝ ደጋግመው አሳይተውናል።

ኢያኢሮስ የተባለው የምኵራብ አለቃ የ12 ዓመት ልጁ ልትሞትበት ስለ ሆነ እግሩ ላይ ወድቆ ለመነው። በመንገድ ላይ ሳሉ መሞቷን የሚያረዳ ሰው መጣ። ከቤቱ ሲደርሱ ዋሽንት ነፊዎችና አልቃሾች ቀድመው ደርሰው ይጮኹ ነበር። እነዚያን አስወጥቶ ከወላጆቿና ከሦስት ደቀ መዛሙርት ጋር ብቻ ገባ፤ እጇን ይዞ አስነሣት። ሁሉም በድንጋጤ ፈዝዘው ቆመው ሳለ፣ የሚበላ ነገር እንዲሰጧት ያዘዘው እርሱ ነው። ከታላቁ ተአምር ይልቅ ልጅቷ መራቧን ማስታወሱ እኛን ይበልጥ ነካን።

ናይን ከናዝሬት ብዙም አትርቅም። ወደ በሩ ሲቀርብ ሬሳ ይዘው ሲወጡ ተገናኘ። የሞተው ለእናቱ አንድ ልጅ ነው፤ እርሷም መበለት ናት። ባልም ልጅም የሌላት ሴት በዚያን ዘመን የሚጦራት የላትም፤ ስለዚህ በዚያ ቃሬዛ ላይ የተጫነው የልጇ ሬሳ ብቻ ሳይሆን የነገ ጉርሷም ነበር። ብዙ ሕዝብ ተከትሏታል፤ ጥሩ ነው፤ ግን ቀባሪ ከመቃብር ሲመለስ ወደየቤቱ ይሄዳል። በኢያኢሮስ ቤት ለምነውት ነው የሄደው፤ እዚህ ግን ማንም አልጠራውም፤ አያውቃትም፤ አልለመነችውም። አይቶ አዘነላት፤ እንዳታለቅስም ነገራት። ከዚያም ቃሬዛውን ነካ፤ ተሸካሚዎቹ ቆሙ። በሙሴ ሕግ ሬሳ የነካ ሰው 7 ቀን የረከሰ ይሆናል፤ ከሬሳ የነካካ ነገርም ይፈራ ነበርና ተሸካሚዎቹ ያለ ምክንያት አልቆሙም። ልጁን ካስነሣው በኋላ የተደረገውን ሉቃስ በአጭሩ ነው የሚያልፈው፤ ለእናቱ ሰጣት ይላል። እንዲከተለው አልጠራውም። ለእርሷ ያስፈልጋት ነበርና።

እርሱ ራሱም ሐዘንተኛ ሆኖ ያውቃል። ሄሮድስ አንቲጳስ የዮሐንስ መጥምቅን አንገት ባስቆረጠ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ሬሳውን ወስደው ቀበሩና መጥተው አረዱት። ብቻውን ለመሆን በታንኳ ወደ ምድረ በዳ ሄደ። ሕዝቡ ግን በእግር ቀድሞ ጠበቀው። እኛ ብንሆን ሐዘን ላይ ነኝ፣ ተዉኝ እንል ነበር፤ መብታችንም ነው። እርሱ ግን ራራላቸው፤ በሽተኞቻቸውን ፈወሰ፤ ሲመሽም አበላቸው።

የቢታንያው ለቅሶ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። አልዓዛርና እኅቶቹ ማርታና ማርያም ወዳጆቹ ነበሩ። መታመሙን ልከውበት ሳለ ሁለት ቀን ባለበት ቆየ። ሊሄድ ሲነሣ ደቀ መዛሙርቱ ፈሩ፤ ምክንያቱም በይሁዳ ሊወግሩት ይፈልጉ ነበር። ሲደርስ ሟቹ ከተቀበረ 4 ቀን ሆኖታል፤ ቢታንያ ከኢየሩሳሌም 3 ኪሎ ሜትር ስለማትሞላ ብዙ ለቀስተኛ በቤቱ ነበር። ማርታ ወጥታ ተቀበለችው፤ ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ወንድሟ እንደማይሞት ነገረችው። ማርያምም ስትመጣ ያንኑ ቃል ደገመችው። ዘግይቶ የመጣ ዘመድ ፊት ለፊት እንዲህ ሲባል በየድንኳኑ ሰምተናል። ጌታችን አልተቆጣቸውም፤ ራሱንም አልተከላከለም። ስታለቅስ ሲያያት፣ አብረዋት የመጡትም ሲያለቅሱ፣ እንባው ፈሰሰ። ሊያስነሣው እንደ መጣ ያውቃል እኮ! ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ለቅሶው ወደ ደስታ እንደሚለወጥ እያወቀ ለምን አለቀሰ? ሊቃውንቱ ብዙ ይላሉ። ለእኛ እንደሚመስለን፣ የሚያጽናና ነገር ይዞ መምጣቱ ከማልቀስ አላስቀረውም። በለቅሶ ቤት ገና ከመግባታችን በቃ፣ በቃ፣ አይለቀስም እያልን ሐዘንተኛውን አፉን የምናስይዝ ሰዎች ይህንን ቦታ ቀስ ብለን ብናነበው አይከፋም።

አልዓዛር ተነሣ። ወሬው ኢየሩሳሌም ሲደርስ ግን የካህናት አለቆችና ፈሪሳውያን ሸንጎ ሰብስበው ከዚያን ቀን ጀምሮ ሊገድሉት ተማከሩ። ዮሐንስ ወንጌላዊ ሁለቱን ነገሮች አያይዞ ነው የጻፋቸው። ለአንድ ወዳጅ ለቅሶ መድረሱ ሕይወቱን አስከፈለው ማለት ነው። እኛ ደግሞ በቀብር ላይ ያልተገኘ አባል ይቀጣ ወይስ ይማር በሚለው አንቀጽ ላይ ስንት ስብሰባ አድርገናል።

በ30 ወይም በ33፣ በፋሲካ ዋዜማ ጊዜ፣ በጲላጦስ ትእዛዝ ተሰቀለ። በሮማውያን ልማድ የተሰቀለ ሰው ሬሳ ብዙውን ጊዜ ለአሞራ ይተው ነበር። ከደቀ መዛሙርቱ አብዛኞቹ ሸሽተዋል። የራሱ መቃብር የለውም፤ ዘመዶቹም ከገሊላ የመጡ እንግዶች ናቸው። የአርማትያሱ ዮሴፍ የሸንጎ አባል ሆኖ ሳለ ደፍሮ ጲላጦስ ዘንድ ገባና ሬሳውን ለመነ። ቀድሞ በሌሊት ይመጣ የነበረው ኒቆዲሞስም 33 ኪሎ ያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዞ መጣ። በጠቅላላ ጉባኤያችን መዋጮውን ያቋረጠ ሰው ይቀበር አይቀበር እያልን የተከራከርን ሁሉ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች የየትኛው መዝገብ አባል ስለ ነበረ ነው ይህን ያደረጉለት ብለን ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል። በተልባ እግር ልብስ ገንዘው ዮሴፍ ለራሱ ባስፈለፈለው አዲስ መቃብር አኖሩት፤ ትልቅ ድንጋይም አንከባልለው በሩን ዘጉት።

ከገሊላ ጀምሮ የተከተሉት ሴቶች ራቅ ብለው መቃብሩ የት እንደሆነ፣ ሥጋውም እንዴት እንደ ተቀመጠ አዩ። ሽቱና ቅባት ለማዘጋጀት ወደ ማደሪያቸው ተመለሱ፤ ሰንበት ስለ ገባም እንደ ሕጉ ዐረፉ።